ጎሬ ላይ ፊቷን ያየሁበት ቀን

ፊደል አልቆጠርኩም። ይሄን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ሲፈን ናት። ነገሩ የእሷም ስለሆነ አንዳንድ ቦታ ላይ እጇ ይቆማል፤ «ጻፊው» ስላት ትጽፈዋለች። እናንተ የምታነቡትም አሮጊት ቃዠች እንዳትሉኝ። አዳራሽ ሙሉ ሰው ያየው ነገር ነው። ጎሬ ወጥታችሁ ብትጠይቁ የሚነግራችሁ አይጠፋም፤ ይልቅ ጨምሮ እንዳይነግራችሁ ነው የምፈራው።

ያን ጊዜ መቱ ገበያ ኮረሪማና ጥምዝ ዘርግቼ የምሸጥ ሴት ነበርኩ። ሰው እማማ ደስታ ይለኛል። ዘሬን የጠየቀኝ እንደሆነ «አባቶቻችን ከመንዝ የመጡ ናቸው» እላለሁ። መንዝን በዓይኔ አላየሁትም፣ በየት በኩል እንደሆነም አላውቅ። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ መንዜ ናት ብሎ አገባኝ፤ መንዜ ናት እንዳለ ሞተ። ልጄ ጌታቸው ቡሬ ላይ ይነግዳል፤ ሚስቱ የኦሮሞ ልጅ ናት። ሲፈን የእነሱ ናት፤ እኔ ጋ ሆና ነበር መቱ የምትማረው።

እውነቱ ሌላ ነው። አያቴ ከማጂ በኩል ታስራ የመጣች ባሪያ ነበረች። ጎሬ ላይ አንድ ትልቅ ግቢ ገባች፤ እናቴን እዚያ ወለደች፤ እናቴም እኔን እዚያው ወለደችኝ። እኔ ስወለድ ባርነት ቀርቷል ተብሎ ታውጆ ነበር አሉ። አዋጁ የእኛን አጥር ዘሎ አልገባም እንጂ።

በዚያ ግቢ የባሪያ ስም ሁለት ቁራጭ ነበር። ጠሪዋ ግማሹን ትላለች፣ ተጠሪዋ ግማሹን መመለስ አለባት። አያቴን እመቤቲቱ ስትጠራት «ማን አለሽ?» ትላለች። አያቴ ጓዳም ትሁን ምንጭ፣ «ከእመቤቴ በቀር!» ብላ እየጮኸች ትሮጣለች። ስሟ ይሄው ነው። እናቷ ያወጣችላትን ስም ለእኔም አልነገረችኝ። እኔ እምዬ ነበር የምላት።

ሦስት ዓመት ሲሆነኝ የእመቤቲቱ የእህት ልጅ ወደ ወለጋ ተዳረች። እናቴን ከሙሽራዋ ጋር ሰጧት፤ እንደ ሳጥን፣ እንደ ምንጣፍ። ተመልሳ አልመጣችም። በማግስቱ ጠዋት እመቤቲቱ በረንዳው ላይ ቆማ «ማን አለሽ?» ብላ ተጣራች። እምዬ ወፍጮ ላይ ነበረች። አልመለሰችም። ደግማ ጠራች። በእጇ የያዘችው የወፍጮ ድንጋይ፣ መጁ፣ ወደፊት ሄደ፣ ወደኋላ መጣ። መትተው ሲያዞሯት አፍ አፋቸውን እያየች በጣቷ ጆሮዋን አመለከተች። ከዚያ ቀን ጀምራ ደነቆረች።

ደንቆሮ ሆና ታየች ማለቴ ነው። ትሰማ ነበር። ምንጭ ስንወርድ፣ ውሃው በሚጮህበት ቦታ፣ አፏን ጆሮዬ ላይ ለጥፋ ታወራኛለች። ሌላ ማንም አያውቅም። ያንን መልስ ዳግመኛ ላለመመለስ ብላ አምስት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ኖረች። ከዚያ አንድ የገበያ ቀን ቅርጫት ተሸክማ፣ እኔን በእጇ ይዛ ወጣች፤ አልተመለስንም። በእግራችን ዳሪሙ ገባን። ለምን ያን ቀን እንደወጣን አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። እዚያው የሰው ቡና ስትለቅም ኖራ ሞተች። እኔ ካደግኩ በኋላ መቱ ገባሁና መንዜ ሆንኩ።

እንግዲህ አንድ ክረምት ሊወጣ ሲል የሲፈን አስተማሪ ቤቴ መጣች። መምህርት ጫልቱ ትባላለች፣ የቡሬ ልጅ ናት፣ የትምህርት ቤቱን የድራማ ክበብ የምትመራ።

«እማማ ደስታ፣ ጎሬ ላይ ባሪያ ስለነበሩ ሴቶች ድራማ ልንሠራ ነው» አለችኝ። «ስለተገዙት ስለተሸጡት የሚነግረን አላጣንም። እምቢ ያሉት ናቸው የጠፉብን። እርስዎ የሰሙት ካለ ብዬ ነው።»

«እኔ ምን አውቄ፣ የኔ ልጅ። እኛ እኮ መንዞች ነን።»

«መንዜ ጆሮ የለውም?» ብላ ሳቀች።

እዚህ ላይ ነው የሳትኩት። ዝም ብል ዝም ነበር። ግን ስልሳ ዓመት አፍ ውስጥ የቆየ ነገር በር ሲከፈትለት አያስችልም። «አንዲት ሴት ነበረች አሉ» ብዬ ጀመርኩ። የጥሪውን ነገር፣ የመደንቆሩን ነገር፣ እመቤቲቱ ስትጠረጥር ከኋላዋ ሳህን እንዳስጣለች፣ ባልየው ጠመንጃ እንደተኮሰ፣ ሁሉንም ነገርኳት። የማን ቤት እንደሆነ ግን አልተናገርኩም። ጫልቱ ስልኳን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቀዳችው። አንድ ነገር ብቻ አስቀረሁ። እሱን ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲፈን እየሮጠች ገባች።

«አኮ!» አለችኝ፤ አኮ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው፣ እናቷ ናት ያስለመደቻት። «ዋናዋን እኔ ነኝ የምሠራ! ደንቆሮዋን!»

ጓደኛዋ ሰሚራ፣ የባለሱቁ ልጅ፣ ተከትላት ገባች። «እኔ እመቤቷ ነኝ። በይ አሁን እግሬን እጠቢ!»

«እንኳን እመቤት ልትሆኚ፣ የቤት ሥራሽን የምትገለብጪው ከእኔ ነው።»

ተሳሳቁ። እኔ ውሃ ልቅዳ ብዬ ወጣሁ፤ እንስራው ሙሉ ነበር።

ልምምዱን በእኛ ግቢ አደረጉት። ከጎረቤት ወፍጮ ተውሰው አመጡ። ሲፈን ትፈጫለች፣ ሰሚራ ከኋላዋ «ማን አለሽ?» ትላለች። የሲፈን አንገት ይነቃነቃል።

«ዞርሽ!»

«አልዞርኩም!»

«ትከሻሽ ዞረ! አንቺን ብሎ ደንቆሮ!»

ሁለት ቀን አየኋቸው። በሦስተኛው ቀን አላስቻለኝም። እምዬ ምንጭ ላይ የነገረችኝን፣ እንደዚያ እንደነበር፣ አስተማርኳት።

«ጆሮሽን ልትደፍኚ አትሞክሪ» አልኳት። «ድምፁን ተቀበይው። የሚያጋልጥሽ ትንፋሽ ነው። ሰው ሲጠሩት ትንፋሹን ይይዛል። መጁ ወደፊት ሲሄድ አስወጪ፣ ሲመለስ አስገቢ። ማንም ቢጠራሽ ትንፋሽሽ የመጁ ነው፣ ያንቺ አይደለም።»

«አኮ፣ ይሄን ማን ነገረሽ?»

«ሰው።»

መፍጨት ጀመረች። ሰሚራ ጠራቻት። ደግማ ጠራቻት። የድስት ክዳን አንስታ ከኋላዋ ድንጋይ ላይ ወረወረችው፤ ዶሮዎቹ በረገጉ፣ እኔም ክው አልኩ። የሲፈን ዐይን ሽፋሽፍት እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ሰሚራ ሳቋን አቆመች።

«ሲፈን» አለች ቀስ ብላ። «እሺ በቃ፣ ቻልሽ።»

መጁ ወደፊት ሄደ፣ ወደኋላ መጣ።

ከዚያ በኋላ ሳምንት አልሞላም። ምሳ ላይ ጠራኋት፣ አልመጣችም። መስኮቱ ስር ተቀምጣ ደብተሯን ታያለች። ሦስቴ ጠራኋት። ሄጄ ትከሻዋን ስነካት ብድግ አለችና አፌን ማየት ጀመረች። ዐይኔን አይደለም፣ አፌን። እንደዚያ የምታይ ሌላ አንድ ሰው ነው የማውቀው።

«ቀልዱን ተይ» አልኳት።

«ምን አልሽኝ?»

በማግስቱ ባጃጅ ከኋላዋ ጡሩምባ እየነፋ ሊገጫት ሲል ለጥቂት ተረፈች። ክፍል ውስጥ አስተማሪ ሲጠራት ዝም ትላለች አሉ። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ያያት ባለሙያ በመብራት አየና፣ «እማማ፣ ጆሮዋ ከእኔም ከእርስዎም ይሻላል» አለኝ። ጎረቤቶቼ ጠበል ውሰጃት አሉ። እኔ ግን ያስተማርኳት ነገር እንደሆነ አውቄያለሁ። ለሰው አልነገርኩም። ምን ብዬ? ከየት አመጣሁት ልበል?

ድራማውን ለማሳየት ጎሬ ልትሄድ ሁለት ቀን ሲቀር ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩና አፌን እንድታይ አድርጌ፣ «ድራማው ይቅር፤ ለጫልቱ እኔ እነግራታለሁ» አልኳት።

ፊቴን አየችኝ። «አሁን ብተዋት የት ትሄዳለች?» አለችኝ።

«ማን?»

እጆቿ ቀሚሷ ላይ ወደፊት ይሄዳሉ፣ ወደኋላ ይመጣሉ።

እንዲህ ሆኖ ነው ጎሬ የወጣሁት። ከልጅነቴ ወዲህ እግሬ አልረገጣትም። ቀረብ ያለ አገር ነው፣ ከመቱ በሚኒባስ ምንም አይደለም፤ ሰርግም ለቅሶም ሲጠሩኝ ግን አሞኛል እያልኩ ኖርኩ። ያን ቀን ልጅቷን ብቻዋን መስደድ አልሆነልኝም። ዳገቱን ስንወጣ ጉም ገባብን፤ ሹፌሩ በጠራራ ከሰዓት መብራት አበራ።

አዳራሹ ቆርቆሮ ነው፤ ዝናቡ ጣራውን ይመታል። ሕዝቡ ሞልቷል። መድረኩ ላይ ወፍጮው ተቀምጧል። ጫልቱ የመፍጨቱ ድምፅ ለሁሉም እንዲሰማ ብላ ማይክራፎን ወፍጮው ሥር አስተኝታለች። እኔ ከፊት፣ ከአንዲት ባለከዘራ ሴትዮ አጠገብ ቦታ አገኘሁ።

«ከየት ነሽ እናት?» አለችኝ።

ድምፁን ስሰማ ቀና ብዬ አየኋት። ፊቷ የማላውቀው የአሮጊት ፊት ነው፤ ድምፁ ግን የእመቤቲቱ ነው። ትንሿ ልጇ ነበረች፣ አሰገደች፤ በእኔ ዕድሜ ያለች።

«ከመቱ ነኝ፣ እትዬ።»

«ዘርሽስ?»

«መንዝ።»

«ጎሽ። እኔ እዚሁ ነው የተወለድኩ፣ እዚያ ባሕር ዛፉ ጋ ካለው ግቢ። አሁን ቢሮ አድርገውታል።» ከዘራዋን ወደ መስኮቱ ቀሰረች።

ድራማው ተጀመረ። ሰሚራ ካባ ደርባ ወጣች፤ ሕዝቡ አጨበጨበ። ሲፈን ሻሽ ጠምጥማ፣ አቡጀዲ ለብሳ ወፍጮው ላይ ተንበረከከች። ፊቷ ወደ እኛ ነው። «ማን አለሽ?» አለች ሰሚራ ከኋላዋ። ሲፈን «ከእመቤቴ በቀር!» ብላ ሮጠች። ቀጥሎ የሙሽራዋ ሰርግ መጣ፣ ልጇ ተወሰደች። ቀጥሎ ጠዋት ሆነ፤ «ማን አለሽ?» ተባለ፤ መልስ የለም።

አጠገቤ ያለችው አሰገደች ወደ ፊት ዘንበል አለች።

«ይቺን አውቃታለሁ» አለች፣ ለእኔ ይሁን ለራሷ እንጃ። «ይሄ የእኛ ቤት ወሬ ነው። ማን ነገራቸው?»

ትንፋሼን ከመጁ ጋር አስወጣሁ፣ ከመጁ ጋር አስገባሁ።

ሳህን ከኋላዋ ተጣለ። ሲፈን ትፈጫለች። ከዚያ ጠመንጃው ተተኮሰ ለማስባል አንድ ተማሪ ከመጋረጃ ጀርባ ቆርቆሮ በመዶሻ መታ። ድምፁ ያን አዳራሽ ሲያናውጠው አንዲት ሕፃን ከኋላ ወንበር ደንግጣ «እማዬ! እማዬ!» ብላ ጮኸች። የሚያርዷት ነበር የሚመስል። ሰው ሁሉ ወደ ሕፃኗ ዞረ፤ ሰሚራም ዞረች። ያልዞርነው ሁለት ነን። ሲፈንና እኔ። እኔ ፊቷን ነበር የማየው።

ያስቀረሁትን ነገር አሁን ልንገራችሁ። እመቤቲቱ በሳህንም በጠመንጃም አልረካችም። አንድ ቀን እምዬ ስትፈጭ ከኋላዋ አቆመችኝና እግሬን ገልጣ በሳማ ገረፈችኝ። ሳማ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ለበለበኝ። «እምዬ! እምዬ!» እያልኩ ጮኽኩ። ስምንት ዓመቴ ነው። የማየው ጀርባዋን ነው። ጀርባዋ ወደፊት ሄደ፣ ወደኋላ መጣ። አንድ ጊዜ እንኳ አልሳተም። እመቤቲቱ «እውነትም ይቺ ግድግዳ ናት» ብላ ሳማውን ጥላ ሄደች። እምዬ እንደምትሰማኝ አውቃለሁ። ሰምታኝ አልዞረችም። ይሄን ይዤ ነው ያረጀሁት። ስትሞት አላለቀስኩም። ዳሪሙ መቃብሯ ጋ አንድ ቀን አልሄድኩም።

እና አዳራሹ ውስጥ ያቺ ሕፃን ስትጮህ የሲፈንን ፊት ከፊት ለፊት አየሁት። ፊቷ ላይ ምንም የለም፤ ድንጋይ ነው። ጥርሷ ግን ምላሷ ላይ ገጠመ። ሲገጥም አየሁት። ከአፏ ጥግ ደም ወጣ፣ አገጯ ላይ ወረደ፣ ዱቄቱ ላይ ጠብ አለ። መጁ አልሳተም።

ያን ጊዜ የሳማው ዕለት ማታ ትዝ አለኝ። እምዬ እራት አልበላችም። በነጋታውም አልበላችም። ምንጭ ወርደን ስናገራት አፏን ይዛ ራሷን ነቀነቀች። ሳምንት ሙሉ ውሃ ብቻ ጠጣች፣ ሳምንት ሙሉ አላወራችኝም። እኔ የተቆጣችኝ መስሎኝ ነበር። ከፊት ለፊቷ የቆመ ሰው አልነበረማ! ማን ያየዋል?

ድራማው ማለቅ ያለበት እንዲህ ነበር፤ ጫልቱ የጨመረችው ነው፤ ሴትየዋ ትነሳለች፣ መጁን ትጥላለች፣ «እሰማለሁ! ስሜ ግን ይሄ አይደለም!» ትላለች፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል። ሰሚራ ለመጨረሻው «ማን አለሽ?» አለች። ሲፈን አልተነሳችም። ሰሚራ ደገመች። ሰለሰች። እህሉ አለቀ፤ ድንጋይ ከድንጋይ ጋር ብቻ ማፋጨት ጀመረ። በማይክራፎኑ የሚሰማው ያ ነው፤ ጥርስ የሚያንገጫግጭ።

«ሲፈን፣ ተነሺ እንጂ» አለች ሰሚራ በሹክሹክታ፤ እሱም ለሁሉም ተሰማ። ሰዎች ሳቁ። «ኧረ በናትሽ ተነሺ።»

ጫልቱ ከጎን ብቅ አለች። «ሲፈን! ካኢ! ማል ታቴ? ተነሺ፣ ምን ሆንሽ?»

ደሙን ያዩ ከፊት ያሉት ሳቃቸውን አቆሙ። ሰሚራ የእውነት ማልቀስ ጀመረች። ያኔ አጠገቤ ያለችው አሰገደች በከዘራዋ ተደግፋ ተነሳች። ማን አስነሳት አትበሉኝ፤ ራሷም አላወቀችም። በእናቷ ድምፅ፣ በዚያ በበረንዳው ድምፅ፣

«ማን አለሽ!» ብላ ተጣራች።

አፌ ተከፈተ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያ መልስ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። መድረኩ ላይ መጁ ወደፊት ሄደ፣ ወደኋላ መጣ።

ይቺ ልጅ አትመለስም አልኩ። እዚያው ትቀራለች። እኔ ነኝ የላክኋት፣ እኔ ካልጠራኋት ማንም አይጠራትም። ተነሳሁ። ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ከኋላዋ ልቆም ነበር፤ እግሬ እምቢ አለኝ። ዞሬ ከፊት ለፊቷ ተንበረከክሁ፣ አፌን ጆሮዋ ላይ ለጠፍኩ።

«እምዬ» አልኳት። «ደስታ ነኝ። አልሞትኩም፤ ይኸው አርጅቻለሁ። ሰምተሽኛል፣ አውቄያለሁ። በቃሽ አሁን። መዞር ትችያለሽ።»

ማይክራፎኑን ረስቼዋለሁ። ያልኩት ሁሉ አዳራሹን ሞላው። መንዜዋ እማማ ደስታ የዚያች ባሪያ የልጅ ልጅ እንደሆነች ጎሬ በሙሉ፣ መቱም ሳይመሽ ሰማ።

መጁ ቆመ። ሲፈን ረጅም ትንፋሽ አወጣች። ቀስ ብላ አንገቷን አዞረች፤ ወደ እኔ አይደለም፣ ወደ ኋላዋ፣ ማንም ወደሌለበት ቦታ። እዚያ የቆመውን ትክ ብላ አየችው። የምታየው በልጅ ቁመት ልክ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሰች።

«አኮ» አለችኝ ደም በሞላው አፏ። «ለምን ታለቅሻለሽ?»

ውጭ ዛፍ ሥር አፏን በውሃ ሳጥብላት አሰገደች ከዘራዋን እየተመረኮዘች መጣች። ጥላ የያዘላት የለም፣ ዝናቡ ነጠላዋን አርሶታል።

«ደስታ ነሽ?»

«ነኝ።»

«የእሷ?»

«የእሷ ነኝ።»

ከዘራዋን ጭቃው ላይ ተከለችና፣ «ሳማውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አለች። «እናቴ ቁረጪ አለችኝ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ አመጣሁላት። ምን ልታደርገው እንደሆነ አላውቅም ነበር። ኋላ አወቅሁ።»

የሲፈንን አፍ ማጠቤን ቀጠልኩ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እናቴ እስክትሞት ድረስ እህል እየበላች ይሄንን ታነሳ ነበር። አያትሽ ትሰማ ነበር?»

«ለምን ፈለግሽው?»

«ከሳማው በኋላ እናቴ አመነች። እንግዳ ሲመጣ ሁሉ ወፍጮ ቤት አጠገብ ታስቀምጥና 'እዚህ እናውራ፣ ይቺ ግድግዳ ናት' ትላለች። አንድ ቀን ከአክስቴ ጋር እዚያ ተቀምጠው አንቺን ሊሰጧት ተስማሙ። ለልጇ ሞግዚት እንድትሆኚ፣ ሩቅ፣ ደምቢዶሎ። በአራተኛው ቀን በቅሎ ሊመጣልሽ። በሦስተኛው ቀን ገበያ ወጣችሁ፣ ቀራችሁ። እናቴ 'ማን ነገራት?' ብላ የቤቱን ሴቶች ሁሉ አስገረፈች። አንዷ እጇ እንደተሰበረ ቀረ። ማን ነበር የነገራት?»

አያችሁ፣ እኔ ለምን እንደወጣን አላውቅም ነበር። እሷ ደግሞ እንዴት እንዳወቀች አታውቅም። ስልሳ ዓመት ግማሽ ግማሹን ይዘን፣ እኔ መቱ እሷ ጎሬ፣ ስንኖር ኖርን። የሳማው ቀን እምዬ ዞራ ቢሆን ኖሮ፣ እመቤቲቱ ከአክስቲቱ ጋር እዚያ ባልተቀመጠች፤ እኔም እንደ እናቴ በሄድኩ፤ ይቺ ሲፈን የምትባል ልጅም ባልኖረች።

«ማንም አልነገራትም፣ አሰገደች» አልኳት። እትዬ አላልኳትም። «ትሰማ ነበር። ሁሉንም ትሰማ ነበር።»

ፊቷ አመድ መሰለ። «ሁሉንም? እኔ እኮ እሷ ፊት… ለሰው የማላወራውን እሷ ፊት ነበር የማወራው። ሄጄ እግሯ ሥር ተቀምጬ። ስለ አባቴ…» አፏን ያዘች። «ምን አለች? ስለ እኔ ምን አለች?»

«ስለ እናንተ አውርታኝ አታውቅም።»

እዚያው ትተናት ሄድን። ዞሬ ሳይ ዝናቡ ውስጥ ቆማለች።

ሚኒባሱ ውስጥ ሲፈን ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገች። ሹፌሩ ጡሩምባ ሲነፋ ብድግ አለች፤ እንደ ሰው ሰማች ማለት ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። ትንሽ ቆይታ፣ «አኮ» አለች፣ «እግርሽን ምን ነበር እንደዚያ ያቃጠለሽ?» የሳማውን ነገር ያን ጊዜ ከአሰገደች በቀር ከማንም አልሰማችም፤ እሷም እግር አላለች። አልጠየቅኳትም። ዛሬም አልጠይቃትም። ሲፈን፣ ይሄንንም ጻፊው።

ልጄ ጌታቸው በማግስቱ ከቡሬ ደወለ። «አጥንታችንን ገበያ አወጣሽው» አለኝ። «ነጋዴ ፊት እንዴት ልቁም?» ዓመት ሙሉ ደጄን አልረገጠም። ገበያ ላይም ቅመሜን ትገዛኝ የነበረች አንዲት ሴት ሌላ መደብ ሄደች። ሌላዋ ደግሞ መጥታ ማንም ሳያያት «የእኔም አያት…» ብላ ጀምራ፣ ሳትጨርስ ኮረሪማዋን ይዛ ሄደች። ጌታቸው ኋላ መጣ። ምንም አላለም፤ የቤቴን ክዳን ጠግኖልኝ ሄደ። እሱም የሚያውቀው እንደዚያ ነው።

እናንተ የምታነቡት፣ እኔ ምክር የምሰጥ ሰው አይደለሁም። ግን እንደ እኔ አንድ ሰው ያልዞረላችሁ ካላችሁ፣ ከኋላ ቆማችሁ ያያችሁትን ይዛችሁ አትፍረዱ ነው የምላችሁ። እኔ ፈርጄ፣ አንዲት ምላሷን የነከሰች ሴት ስልሳ ዓመት ያለ ጎብኚ ተኛች።

መስቀል ካለፈ በኋላ ከሲፈን ጋር ዳሪሙ ሄድኩ። ግማሹን በመኪና፣ ግማሹን በእግር። የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ሽማግሌ ቦታውን ያውቃል፤ ድንጋይ ክምር ነው፣ ሣር ውጦታል። አጸዳነው። ሰው ሲቀበር ፊቱ ወደ ምሥራቅ ነውና በምሥራቅ በኩል ዞሬ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። ያላለቀስኩትን አለቀስኩ። ከዚያ ቀሚሴን ሰብሰብ አድርጌ እግሬን አሳየኋት። ሳማ ጠባሳ አይተውም።

«እይው» አልኳት። «ድኗል።»